አንድ መሥሪያ ቤት፥ ብዙ ጆሮ

«እንደ አገሩ ይኖሯል፥ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» የሚለው የአባቶች ቃል ለመንገደኛ የተነገረ ቢሆንም ለነጋዴም የሚያገለግል ምክር ነው። ወንዝ ሁሉ በአንድ መልካ እንደማይሻገሩት፥ ሰውም ሁሉ በአንድ ንግግር አይረታም። ይህን የማያውቅ ሰው አለ ለማለት አይቻልም። ነገር ግን የታወቀ ነገር ሁሉ በሥራ ላይ ይውላል ማለት ስላልሆነ፥ አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ለአንድ ድርጅት ዕቃ ሊሸጥ በሄደ ጊዜ በዚያ ድርጅት ውስጥ ስለሚያገኛቸው ልዩ ልዩ ሰዎችና ለእያንዳንዳቸው ስለሚገባው ንግግር ዛሬ በዚህ ገጽ ጥቂት ለመጻፍ አስበናል።

ነገሩ የነጋዴ ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። እኛ ግን የተማሪውም፥ የወጣቱም ሹም ጉዳይ ነው እንላለን። በንግድ ትምህርት ይሁን በምሕንድስና፥ በፋርማሲ ይሁን በኮምፒዩተር ከተመረቁት ወጣቶች መካከል የመጀመሪያ እንጀራቸውን በሽያጭ ሥራ የሚያገኙት ጥቂቶች አይደሉም። ሌሎቹ ደግሞ በመንግሥት ወይም በግል መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ከጠረጴዛው ማዶ፥ ማለት በገዥው ወገን ይቀመጣሉ። ሁለቱ ወገኖች በደንብ የተነጋገሩ እንደ ሆነ ዕቃው በሥራ ላይ ይውላል፤ ሳይግባቡ የተገበያዩ እንደ ሆነ ግን ዕቃው በግምጃ ቤት አቧራ ይለብሳል፤ የወጣበትም ገንዘብ ይባክናል።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ጉድለት ይህ ነው። ወጣቱ ሻጭ በሥዕል ያጌጠ በራሪ ጽሑፍና የዋጋ ዝርዝር ይሰጠዋል፤ በወር ይህን ያህል መሸጥ አለብህ ይባላል። እርሱም ጽሑፉን በቃሉ አጥንቶ ለጸሐፊዋ የተናገረውን ለግዥ ሠራተኛው፥ ለግዥ ሠራተኛው የተናገረውን ለመካኒኩ፥ ለመካኒኩ የተናገረውን ለሥራ አስኪያጁ አንድም ቃል ሳይለውጥ ይደግመዋል። ያንኑ ቃል በኢሜይል ለአሥር ሰው ይልካል። መልስ ያጣ እንደ ሆነ «ሰዎቹ አልገባቸውም» ወይም «ያለ ዘመድ የሚገዛ የለም» እያለ ያማርራል። ሰዎቹ ግን ዕቃው ምን እንደ ሆነ ገብቷቸዋል። ያልገባቸው ዕቃው ለእያንዳንዳቸው ሥራ የሚሰጠው ጥቅም ነው፤ ይህንም ማንም አልነገራቸውም።

ድርጅት ማኅተም አለው፤ የባንክ ሒሳብ አለው፤ የንግድ ፈቃድ አለው፤ ጆሮ ግን የለውም። የሚሰማው፥ የሚጠይቀው፥ የሚፈራውና የሚወስነው በውስጡ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ «ለእገሌ ድርጅት ሸጥሁ» የሚለው አነጋገር ለሒሳብ መዝገብ ይበቃ እንደ ሆነ እንጂ የሆነውን ነገር በሙሉ አይናገርም። በእውነቱ የተሸጠው ለአምስት ወይም ለስድስት ሰዎች ነው፤ ከእነርሱም አንዱ ያልተቀበለው እንደ ሆነ ሽያጩ በመንገድ ይቀራል፤ ወይም ከተፈጸመ በኋላ ይበላሻል።

ይህ ነገር ከጥንት የነበረ ለመሆኑ አንድ የታሪክ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1879 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በኦሃዮ ግዛት፥ በዴይተን ከተማ መጠጥ ቤት የነበረው ጄምስ ሪቲ የሚባል ሰው፥ ሠራተኞቹ ከሽያጩ ገንዘብ እየቀነሱ ቢያስቸግሩት ከወንድሙ ጋራ ሆኖ የሽያጭ ገንዘብ የሚመዘግብ መኪና ፈለሰፈ። የዚህ መኪና ሥራ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ እ.ኤ.አ. በ1884 ዓ.ም. ጆን ፓተርሰን በሚባል ነጋዴ እጅ ገባ። እርሱም ድርጅቱን ናሽናል ካሽ ሬጂስተር ብሎ ሰየመው።

ለሱቅና ለመጠጥ ቤት ባለቤቶች የመኪናው ጥቅም ግልጥ ነበር። ገንዘባቸው በየምሽቱ ተቆጥሮ ከተመዘገበው ጋራ ይመሳከርላቸዋል። ከባንኮኒው በስተ ኋላ ለቆመው ሠራተኛ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። መኪናው በፊቱ ሲተከል «አንተ ሌባ ነህ» የተባለ መሰለው። በዚህም የተነሣ የድርጅቱ ስም የታተመባቸው ደብዳቤዎች በፖስታ ሲመጡ ሠራተኞቹ ባለቤቱ ሳያያቸው ይቀዷቸው ጀመር። ድርጅቱም ስሙ በማይታይበት ተራ ፖስታ እያሸገ ለመላክ ተገደደ።

ነገር ግን ፖስታውን መለወጥ ብቻውን መድኃኒት አልሆነም። የሽያጭ ሰዎቹ ለሠራተኛውም የሚናገሩት ቃል ማግኘት ነበረባቸው፤ አገኙም። «ገንዘብ ጎደለ በተባለ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማነው? አንተ ነህ። ንጹሕ ሰው ከሆንህ ንጽሕናህን የሚመሰክርልህ ይህ መኪና ነው» የሚል ነበር የንግግሩ ፍሬ ነገር። መኪናው ያው መኪና ነው። ለባለቤቱ የተነገረው እውነት ነው፤ ለሠራተኛውም የተነገረው እውነት ነው። የተለወጠው ነገሩ የታየበት ወገን ብቻ ነው። በእኛ አስተያየት የዚህ ሙያ ምሥጢር በሙሉ በዚህ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

በአገራችንም የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ በደንብ ቁጥር 139/1999 ግዴታ ከሆነ ወዲህ ይኸው ነገር በየሱቁ ታይቷል። መሣሪያው በሕግ የመጣ ቢሆንም፥ ባለ ሱቁ የሚያስበው ስለ ግብሩና ስለ ቅጣቱ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ የምትጨነቀው ሰልፉ በረዘመ ጊዜ መሣሪያው ቢቆም ወይም ቁጥር ብትሳሳት ምን እንደምታደርግ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ደግሞ በቀኑ መጨረሻ የሚወጣው የዜድ ሪፖርት ከመዝገቡ ጋራ መግጠሙን ይጠይቃል። ለሦስቱም ስለ ቅጣት ብቻ የሚናገር ሻጭ አንዱን አስፈራርቶ ሁለቱን ያለ መልስ ትቷቸው ይሄዳል።

የንግድ ሊቃውንትም ይህን ነገር በጥናት መልክ ጽፈውታል። ፍሬድሪክ ዌብስተርና ዮራም ዊንድ የተባሉት መምህራን እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ባወጡት ሥራ በአንድ ድርጅት ግዥ ውስጥ አምስት ዓይነት የሥራ ድርሻ መኖሩን አመልክተዋል። እነርሱም፤ በዕቃው የሚሠራው ተጠቃሚ፥ በእውቀቱ ሐሳብ የሚሰጠው ባለሙያ፥ ግዥውን የሚፈጽመው ሠራተኛ፥ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ወሳኝ፥ ወሬውንና ሰውን የሚያስገባውና የሚያስቀረው በር ጠባቂ ናቸው። አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ድርሻ ይዞ ሊገኝ ይችላል። የማዕረግ ስምም ሁልጊዜ ድርሻውን አያሳይም፤ በፊርማ የሚወስኑት ሥራ አስኪያጅ ቢሆኑም፥ ፊርማቸው የሚንቀሳቀሰው ለሃያ ዓመት በመኪናው የሠራው መካኒክ ራሱን በነቀነቀ ጊዜ የሚሆንበት ቤት አለ።

ነገሩን ከሩቅ ከማውራት በአንድ ግልጥ ምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ ወጣት ሻጭ በአዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል አውቶክሌቭ የሚባለውን፥ የቀዶ ጥገና መሣሪያዎችን በእንፋሎት የሚያመክነውን መኪና ሊሸጥ ሄደ እንበል። ይህ መኪና በአሠራሩ ከማድ ቤት ፕሬሸር ድስት ጋራ ይመሳሰላል። እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ውሃ ከሚፈላበት ልክ በላይ ያወጣዋል፤ በ121 ዲግሪ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ፥ ወይም በ134 ዲግሪ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ በማቆየት ተሕዋስያንን ይገድላል። መኪናው አንድ ነው፤ የሚያዩት ዓይኖች ግን ብዙ ናቸው።

መጀመሪያ በማምከኛው ክፍል የሚሠሩትን ሲስተር እንመልከት። የእርሳቸው ቀን በቀዶ ጥገናው ሰልፍ የታሰረ ነው። ስለዚህ የሚጠይቁት፥ አንድ ዙር ከመጫን እስከ መድረቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በአንድ ጊዜ ስንት ጥቅል ይይዛል? መብራት በመካከል የጠፋ እንደ ሆነ የተጀመረው ዙር ምን ይሆናል? በሩ ለመክፈትና ለመዝጋት ይከብዳል ወይ? የሚል ነው። በራሪው ጽሑፍ «3 ደቂቃ» ብሎ በትልቅ ፊደል ቢጽፍ፥ ይህ የመግደያው ጊዜ ብቻ እንደ ሆነ፥ የማሞቂያውና የማድረቂያው ጊዜ ሲጨመርበት ብዙ እንደሚረዝም ሲስተሯ ያውቃሉ። ሻጩ «በ3 ደቂቃ ያልቃል» ያላቸው እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ሁሉ አይሰሙትም። ጠቅላላውን ጊዜ በእውነት የነገራቸው እንደ ሆነ ግን «ይህ ልጅ ሥራችንን ያውቃል» ይላሉ።

ሁለተኛው የመሣሪያ ጥገና ባለሙያው ነው። የእርሱ ጥያቄ ጠለቅ ያለ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የግፊት መለኪያውም የሚያሳየው በመኪናው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። የውጭው አየር በከፍታ ላይ ስለሚሳሳ፥ በባሕር ዳርቻ አገር 121 ዲግሪን የሚያመለክተው የመለኪያ ቁጥር እዚህ 117 ዲግሪ ገደማ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው «መኪናው የሚቆጣጠረው በግፊት ነው ወይስ በሙቀት? ለከፍታችን ተስተካክሏል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ደግሞም የበሩ ጎማ ባረጀ ጊዜ ከየት እንደሚገኝ፥ ውሃው እየፈላ በሄደ ቁጥር ከውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እንዴት እንደሚጸዳ፥ የጥገና መጽሐፉ አብሮ ይሰጥ እንደ ሆነ ይመረምራል። ለዚህ ሰው ስለ መኪናው ውበትና ስለ ፋብሪካው ዝና መናገር ጊዜ ማጥፋት ነው። መልሱን የማያውቅ ሻጭ «ጠይቄ በጽሑፍ አመጣለሁ» ቢል ይከበራል፤ እየገመተ የመለሰ እንደ ሆነ ግን ሰው ባልመከነ መሣሪያ እስከ መታከም የሚያደርስ ነገር ነው።

ሦስተኛዋ የሒሳብ ኃላፊዋ ናቸው። እርሳቸው ስለ ዲግሪውና ስለ ግፊቱ ቢነገራቸው በጨዋነት ያዳምጡ እንደ ሆነ እንጂ ጉዳያቸው አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሚያሳስባቸው፥ የተሰጠው ዋጋ እስከ መቼ እንደሚጸና፥ ክፍያው በስንት ጊዜ እንደሚፈጸምና መለዋወጫው በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚጠይቅ ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ መኪና 1000000 ብር ቢያወጣና በዓመት 50000 ብር ጥገና ቢፈልግ፥ ሁለተኛው ደግሞ 800000 ብር ቢያወጣና በዓመት 120000 ብር ጥገና ቢፈልግ፥ በ5 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው 1250000 ብር፥ ሁለተኛው 1400000 ብር ይፈጃል። ርካሽ የመሰለው ተወዶ ተገኘ ማለት ነው። ይህን የመሰለ ሒሳብ በአንድ ገጽ ሠርቶ የሚያቀርብላቸው ሻጭ የእርሳቸውን ቋንቋ ተናገረ ይባላል።

አራተኛው የግዥ ሠራተኛው ነው። ሻጮች ይህን ሰው «ዋጋ ቀንስ ከማለት በቀር ሥራ የለውም» እያሉ ያሙታል። ነገር ግን የዚህ ሰው ትልቁ ሥጋት ነገ ኦዲተር መጥቶ «ይህን ለምን ከዚህ ሰው ገዛህ?» ብሎ የጠየቀው እንደ ሆነ የሚያሳየው ወረቀት ማጣት ነው። ስለዚህ ለእርሱ ደስ የሚያሰኘው ንግግር የተሟላ ሰነድ ነው፤ ፕሮፎርማው የተፈረመበትና ቀን ያለው፥ የንግድ ፈቃዱ የታደሰ፥ የግብር ማስረጃው የተያያዘ፥ የሕክምና መሣሪያውን በሚመለከት ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚፈለገው ማስረጃ የቀረበ፥ የማስረከቢያው ቀን በግልጥ የተጻፈ ሊሆን ይገባል። ይህን ሁሉ በአንድ አቃፊ አድርጎ የሚያመጣለት ሻጭ የሳምንት ሥራ ያቀልለታል።

አምስተኛው ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ለእርሳቸው አሥር ገጽ ማቅረብ አይገባም፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል። አሮጌው መኪና በተበላሸ ቁጥር ቀዶ ጥገና መተላለፉን፥ አዲሱ ቢገዛ ይህ እንዴት እንደሚቀር፥ ባይገዛም ምን እንደሚመጣ፥ ገንዘቡ ስንት እንደ ሆነና ኃላፊነቱን ማን እንደሚወስድ በአጭሩ ማወቅ ይፈልጋሉ። ከዚያም ደወል ደውለው «ሲስተር ምን አሉ? ጥገናው ክፍልስ ተስማምቷል?» ብለው ይጠይቃሉ። የታችኞቹን ዘሎ በቀጥታ ወደ ላይ የወጣ ሻጭ የሚወድቀው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ጸሐፊዋንና ዘበኛውንም መርሳት አይገባም። እነርሱ ዕቃውን አይገዙም፤ ነገር ግን በሩ በእጃቸው ነው። ለእነርሱ የሚገባው ንግግር አጭር፥ እውነተኛና አክብሮት ያለው ነው። ማን እንደ ሆኑ፥ ከማን ጋራ፥ ስለ ምን ጉዳይ፥ ለስንት ደቂቃ እንደ ሆነ መንገር ይበቃል። «ከሥራ አስኪያጁ ጋራ የግል ጉዳይ አለኝ» ብሎ የዋሸ ሰው ዛሬ ይገባ ይሆናል፤ ነገ ግን በሩ ይዘጋበታል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። «ይህ እንደ እስስት መለዋወጥ አይደለምን? ለአንዱ ሌላ፥ ለሌላው ሌላ መናገር ሁለት ምላስ አይባልምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱም የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገር ነው። አስተካክሎ መናገርና እውነቱን ማጣመም እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐኪም ለበሽተኛው በቀላል ቃል፥ ለባልደረባው በሙያ ቃል፥ ለበሽተኛው ልጅ ደግሞ ስለ ምግቡና ስለ እንክብካቤው ይናገራል፤ በሽታው ግን አንድ ነው። ሐኪሙ ለአንዱ «ወባ ነው»፥ ለሌላው «ጉንፋን ነው» ያለ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ሐሰተኛ ይባላል።

ሻጩም እንደዚሁ ነው። ለሥራ አስኪያጁ «በሦስት ወር ይደርሳል» ብሎ ለዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው «ስድስት ወር ይፈጃል» ያለ እንደ ሆነ፥ ለሲስተሯ «ምንም እንክብካቤ አይፈልግም» ብሎ ለጥገና ባለሙያው «በየቀኑ ማጽዳት ግድ ነው» ያለ እንደ ሆነ፥ ይህ ማስተካከል ሳይሆን ማታለል ነው። በዚህ ረገድ አንድ ቀላል መመዘኛ እንሰጣለን። አምስቱም ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሻጩ ለእያንዳንዳቸው የሰጠውን ወረቀት ጎን ለጎን ቢዘረጉት የሚጋጭ ቃል ይገኛል ወይ? ካልተገኘ ንግግሩ ተስተካክሏል፤ ከተገኘ ግን ሻጩ ይፈር። አምስቱ መሰብሰባቸው ደግሞ የማይቀር ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ሌላው መጠንቀቅ የሚገባው ነገር፥ የእያንዳንዱን ሰው የሥራ ችግር ማወቅና የእያንዳንዱን ሰው የግል ድካም መፈለግ የተለያዩ መሆናቸው ነው። «የሒሳብ ኃላፊዋ ምን ያሳስባቸዋል?» ብሎ መጠየቅ ሙያ ነው። «ግዥ ሠራተኛው ምን ይወዳል? ምን ይሰጠው?» ብሎ መጠየቅ ግን ወደ ጉቦ የሚወስድ መንገድ ነው። ነገሩ የመንግሥት ሠራተኛን የሚመለከት ሲሆን በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። በግል ድርጅትም ቢሆን በስጦታ የተሸጠ ዕቃ በስጦታው ልክ የተበላሸ ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱም ስጦታ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ በራሱ ሊሸጥ ለማይችል ዕቃ ነው።

በመንግሥት ጨረታ ደግሞ ጥንቃቄው የበለጠ መሆን አለበት። ጨረታው ከወጣ በኋላ በየቢሮው እየዞሩ ለእያንዳንዱ የኮሚቴ አባል የተስተካከለ ንግግር ማድረግ ከሙያ ይልቅ እንደ ጣልቃ ገብነት የሚታይ ነው። ጥያቄ ያለው በጽሑፍ ይጠይቃል፤ መልሱም ለተወዳዳሪዎች ሁሉ እኩል ይደርሳል። ሻጩ ልዩ ልዩ ሰዎችን ማሰቡን በዚህ ጊዜ የሚያሳየው በሰነዱ ውስጥ ነው። የቴክኒኩ ክፍል ለባለሙያው፥ የዋጋው ክፍል ለሒሳብ ሰው፥ የሥልጠናው ዕቅድ ለተጠቃሚው ግልጥ ሆኖ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ወረቀቱ በሕግ መንገድ ለሁሉም ይናገርለታል።

እስከ አሁን የተናገርነው ለሻጩ ነው። ከጠረጴዛው ማዶ ለተቀመጠው ወጣት ሹም የምንለው ደግሞ አለን። ሻጩ አምስቱን ሰዎች ሊያነጋግራቸው የሚችለው መሥሪያ ቤቱ ሲፈቅድለት ነው። በብዙ ቦታ ግን ግዥው በሁለት ሰው መካከል ያልቃል፤ ወሳኙ ይወስናል፥ ግዥው ይገዛል፤ በዕቃው የሚሠራው ሰው ዕቃውን የሚያየው ከሳጥን በወጣ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ መሰኪያው ከግድግዳው ጋራ አይገጥምም፤ በሩ ከክፍሉ በር ይሰፋል፤ ጽሑፉ የማይነበብ ቋንቋ ይሆናል። በሸራ ተሸፍኖ በኮሪደር የቆመ መኪና ያላየ ሰው ማን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ስለ ሕክምና መሣሪያ ስጦታ ባወጣው መመሪያ፥ መሣሪያ ከመላኩ በፊት የተቀባዩ ፍላጎት እንዲጠየቅ፥ መብራቱ፥ ውሃው፥ መለዋወጫውና የሚሠራበት ሰው አስቀድሞ እንዲታሰብ መክሯል። በነጻ የሚሰጥ መሣሪያ እንኳ ይህን ያህል መጠየቅ የሚገባው ከሆነ፥ በገንዘብ የሚገዛውማ ምን ያህል ሊጠየቅ ይገባል! ስለዚህ ወጣቱ ሹም ሻጩን «ከእኔ ጋራ ጨርስ» ከማለት ይልቅ «ከሲስተር ጋራ ተነጋገር፤ ከጥገና ክፍሉም ጋራ ተነጋገር፤ ያሉህንም በጽሑፍ አምጣልኝ» ቢል ሥልጣኑ አይቀነስበትም። እንዲያውም የፈረመበት ነገር ነገ አያሳፍረውም።

ለሽያጭ ሥራ የሚዘጋጁት ወጣቶች በሥራ ላይ እንዲያውሉት ነገሩን በአጭሩ ሰብሰብ እናድርገው። በመጀመሪያ፥ ከመናገር በፊት መስማት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጉብኝት ለመሸጥ ሳይሆን ማን ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚያስቸግረው ለማወቅ ይሁን። ሁለተኛ፥ የዕቃው እውነተኛ ዝርዝር፥ ዋጋው፥ የመድረሻው ቀን፥ ችሎታውና ጉድለቱ ሳይቀር፥ በአንድ ወረቀት ይጻፍና ለሁሉም ያው ይሁን። ሦስተኛ፥ ከዚህ ከአንዱ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የሚጠቅመው ክፍል ተመርጦ በእርሱ ቋንቋ ይብራራ። አራተኛ፥ ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ተመልሶ መሄድ ይገባል፤ በመጀመሪያም መሄድ የሚገባው ፊርማ ወደ ሰጡት ሥራ አስኪያጅ ሳይሆን በመኪናው ወደሚሠሩት ሲስተር ዘንድ ነው። የሚቀጥለው ሽያጭ የሚገኘው ከእርሳቸው አፍ ነውና።

ይህ ሁሉ ጊዜ እንደሚፈጅ አይካድም። በወር ይህን ያህል ሽጥ የተባለ ወጣት ከአምስት ሰው ጋራ ለመነጋገር ትዕግሥት ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ለአስመጪ ድርጅቶች ባለቤቶችም የምንለው፥ ሠራተኛችሁን በሸጠው ቁጥር ብቻ አትመዝኑት፤ ከሸጠው ውስጥ ስንቱ በሥራ ላይ እንዳለ ደግሞ ጠይቁት። በዚህ የተጠየቀ ሻጭ ዕቃውን አስረክቦ አይጠፋም።

ወደ አሳባችን ፍጻሜ ስንደርስ ወጣቶቻችንን የምናሳስበው ይህን ነው። ሰውን እንደየሥራው ማነጋገር የሽንገላ ጥበብ አይደለም። የሌላውን ሰው ሥራ ለማወቅ ደክሞ፥ በእርሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነገሩን ለማየት መሞከር ነው። ይህን ያወቀ ሻጭ ዕቃ ይሸጣል፤ ይህን ያወቀ ሹምም አዲስ ደንብ በመሥሪያ ቤቱ ሲያወጣ ለመዝገብ ቤቱ ሠራተኛና ለመምሪያው ኃላፊ እንዴት እንደሚያስረዳ አይቸገርም። የሚያስፈልገው ብዙ ጆሮ እንዳለ ማወቅና ለሁሉም አንድ እውነት ይዞ መቅረብ ነው።